«ይናከሳል ወይ?»

በአዲስ አበባ የግቢ በሮች ላይ በብዛት ከሚነበቡት ጽሑፎች አንዱ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚለው ነው። ውሻ በሌለበት ግቢም ይጻፋል። «ሰው የሚወድ ውሻ አለ» የሚል በር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመንም። እንዲህ ያለ ነገር የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ጎረቤቱ «ምን ነካው?» ብሎ የሚስቅበት ይመስለናል።

ይህን ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው የምትወድ አንዲት ውሻ አለች፤ ቤት የሚሰጣት ግን ጠፍቷል።

ስሟ ቡኒት ነው። ዕድሜዋ በሐኪሙ ግምት ሦስት ዓመት ይሆናል። ዳማ ናት፤ ጅራቷ ጠቅለል ያለ፣ በየመንገዱ የምታዩት ዓይነት የሐበሻ ውሻ። ከተማችን ውስጥ ካለ አንድ አነስተኛ መጠለያ ከገባች ዓመት አልፏታል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ተከትባለች፤ እንዳትወልድም ኦፕራሲዮን ተደርጋለች። ሕፃን ጆሮዋን ቢጎትታት ዞር ብላ እጁን ትልሳለች። ከዘመድ፣ ከጓደኛና ከሥራ ባልደረባ ጀምረን ለወራት ቤት ፈለግንላት። የጠየቀን ሰው ብዙ ነው። ጥያቄው ግን ሁልጊዜ ሦስት ነው፦ ይናከሳል? ዘሩ ምንድን ነው? ወንድ ነው ሴት? ቡኒት ሦስቱንም ወደቀች። ስህተቱ ያለው ፈተናው ላይ ነው እንላለን፤ እንከራከር።

አንደኛ፦ ይናከሳል?

የከተማችን ሰው ውሻ የሚፈልገው ለጥበቃ ነው። ይሁን፤ ሌባ ባለበት ከተማ ይህ ነውር የለበትም። ችግሩ ጥበቃንና ንክሻን አንድ አድርገን መቁጠራችን ነው። ውሻ ቤት የሚጠብቀው በጆሮውና በአፍንጫው ነው። ሌሊት ኮሽ ሲል የሚጮኽ ውሻ ሥራውን ሠርቷል፤ ሌባ የሚፈልገው ጨለማና ዝምታ ነውና። ለመጮኽ ደግሞ ክፉ መሆን አያስፈልግም። ቡኒትም ሌሊት የማታውቀው ኮቴ ስትሰማ መጠለያውን በሙሉ ትቀሰቅሳለች። ጠዋት ባለ ኮቴውን ጅራቷን እየቆላች ትቀበለዋለች።

«ኃይለኛ» የምንለው ውሻ እንዴት እንደሚሠራ ሁላችንም እናውቃለን። ቡችላውን ጡት ሳይጠግብ ከእናቱ መንጠቅ፣ አንገቱ ላይ ሰንሰለት ማጥለቅ፣ ቀን ቀን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ መቆለፍ፣ ሰው እንዳይለምድ መከልከል። ቡችላ ከሰው ጋር የሚላመደው በዋናነት ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ባለው ዕድሜው ነው። ያንን ጊዜ ተቆልፎ ያሳለፈ ሲያድግ ሰው ሁሉ ያስፈራዋል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናከሰውም ከፍርሃት ነው። ንክሻው የሚያርፈው ሌባው ላይ ይመስላችኋል? ሌባማ የተመረዘ ሥጋ ወርውሮ ይገባል። የሚነከሰው ኳሱን ሊያወጣ የገባው የጎረቤት ልጅ፣ ቆጣሪ አንባቢው፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰ ዕለት ደግሞ መንገደኛው ነው።

በዚህ አገር ደግሞ ንክሻ ቀልድ አይደለም። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል። ሰው ላይ ከሚደርሰው 99 በመቶው በውሻ በኩል የሚመጣ ነው። በበሽታው ከተጠረጠሩ እንስሳት ንክሻ ከሚደርስባቸው 10 ሰዎች 4ቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። ኢትዮጵያ በሽታው ከጠናባቸው አገሮች አንዷ ናት። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለም ማለት ይቻላል። ክትባቱ ግን ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ ካስከተበበት ከእ.ኤ.አ. 1885 ጀምሮ አለ። (የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያውኑ በሚፈስ ውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ጠበሉ ይቅር አላልንም፤ መርፌው ግን ይቅደም።)

እንግዲህ ፍረዱ። ተከትባ፣ ሰው ለምዳ ጅራቷን የምትቆላው ውሻ ትሻላለች ወይስ ተከትቦ የማያውቀው፣ ሰንሰለቱን የሚያኝከው? ልጅ ያለው አባወራ «ይናከሳል?» ብሎ ጠይቆ «አይናከስም» ሲባል ስልኩን የሚዘጋበት ከተማ ውስጥ ነው ያለነው።

ሁለተኛ፦ ዘሩ ምንድን ነው?

ለሰው የማንፈቅደውን ጥያቄ ለውሻ ስንጠይቅ አናፍርም። መንገድ ዳር ቆሞ ቡችላ ታቅፎ በመኪና መስኮት የሚያሳየውን ነጋዴ ታውቁታላችሁ። «ንጹሕ ጀርመን ሼፐርድ» ይላል። ብዙ ሺህ ብር ይከፈለዋል። ገዢው ሲወስደው ቡችላው ስምንት ሳምንት ይሙላው አይሙላው፣ ይከተብ አይከተብ፣ እናቱ ምን ትመስል እንደሆነ አያውቅም። ከተገዛ በሳምንቱ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ይዞት የሚሞት ቡችላ ብዙ ነው፤ ያልተከተቡ ቡችሎችን የሚፈጀው ፓርቮ የሚባለው በሽታ ምልክቱ ይኸው ነው። ቢያድግም ምን ዓይነት ጠባይ እንደሚኖረው ዋስትና የሚሰጥ የለም።

መጠለያ ውስጥ ያለ ጎልማሳ ውሻ ግን የተገለጠ መጽሐፍ ነው። ቁመቱ ይህን ያህል፣ ጠባዩ እንዲህ፣ ሕፃን ይወዳል ወይስ ይሸሻል፣ ከድመት ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም፣ ሁሉንም ዓመት ሙሉ ሲመግበው የኖረው ሰው ይነግራችኋል። የሐበሻ ውሻ ደግሞ ብርዱንና ፀሐዩን የለመደ፣ በትንሹ የሚያድር ነው።

እስካሁን ከዚያ መጠለያ ውሻ ሲወስዱ ያየናቸው በአብዛኛው ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሥራ የመጡ የውጭ አገር ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። አንዳንዶቹ ሲመለሱ ውሻውንም ይዘው ይሄዳሉ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ ውሻ ቤት ለማግኘት ፓስፖርት ማውጣት አለበት?

ሦስተኛ፦ ወንድ ነው ሴት?

«ሴት ከሆነች አንፈልግም፤ ትወልድብናለች።» ይህን ከስንት ሰው እንደሰማን ቆጥረን አንጨርሰውም። የምትወልደው ብቻዋን ይመስል! ወንዱ ውሻ ከግቢ ወጥቶ፣ ሰፈሩን አዳርሶ ሲመለስ «ጎረምሳ ነው» ይባላል፤ እሷ ግን ከነቡችሎቿ ትባረራለች። ነገሩ ከውሻ አልፎ የሌላ ሰው ታሪክ የመሰላችሁ እህቶቻችን አልተሳሳታችሁም።

ሴት ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፤ በዓመት ሁለቴ ልትወልድ ትችላለች። ወንዶቹ ቡችሎች ይታደላሉ፤ ሴቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ወንዝ ዳር ይጣላሉ። የተረፉት አድገው መንገድ ላይ ይወልዳሉ። ከዚያ እኛው ተመልሰን «የመንገድ ውሻ በዛ» እንላለን። የመንገዱ ውሻ ከሰማይ አልወረደም፤ ከየግቢያችን የወጣ ነው።

ሲበዛ ደግሞ መፍትሔያችን መርዝ ሆኖ ኖሯል። በስትሪክኒን የተመረዘ ውሻ ጡንቻው እየተኮማተረ፣ ራሱን ሳይስት፣ እየተንፈራገጠ ነው የሚሞተው። ሬሳውን የቀመሰ አሞራም ይሞታል። ይህን ሁሉ ጭካኔ ፈጽመን እንኳ የምናተርፈው የለም። የጠራው ሰፈር ቆሻሻ ገንዳው እስካለ ድረስ ከሌላ ሰፈር በመጡና ባልተከተቡ ውሾች ይሞላል። መርዙ የተከተበውን ካልተከተበው አይለይም፤ ስለዚህ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያግደውን አጥር ራሳችን እናፈርሳለን። የሚያዋጣው ተቃራኒው ነው፦ ከአንድ አካባቢ ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ይህ ለሰው ብቻ አይደለም የሚተርፈው። ባሌ ተራሮች ላይ እ.ኤ.አ. በ2003 ከእረኞች ውሾች የተነሳ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቻችንን ፈጅቷቸዋል። በዓለም ላይ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች ደግሞ 500 አይሞሉም።

ቡኒት ይህ ሁሉ ተደርጎላት አልቋል። አትወልድም። ተከትባለች። «ሴት ናት» የሚለው ሰበብ እሷ ዘንድ አይሠራም።

የቀሩት ሁለት ሰበቦች

አንዱ «ውሻ እርኩስ ነው» የሚለው ነው። ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይግባ ያለ የለም። ግን በ81ዱ መጻሕፍት ውስጥ የምንቆጥረውን መጽሐፈ ጦቢትን የምታነቡ ሰዎች፣ ጦብያ ከመልአኩ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲወጣ ማን እንደተከተላቸው ታውቃላችሁ፤ ውሻው ነው። የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ ሀብታሙ ሰውዬ ዞር ብሎም አላየውም። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በሱረቱል ካህፍ ከዋሻው ደጃፍ እግሩን ዘርግቶ የተኛውን ውሻ፣ በሐዲስም የተጠማ ውሻ ስላጠጣ ኃጢአቱ የተማረለትን ሰው ያውቁታል።

ሌላው ሰበብ ከባድ ነው፤ «ሰው እየራበው ስለ ውሻ ታወራላችሁ?» ይሉናል። ይህን በቁም ነገር እንመልስ። ውሻ ሊወስድ የሚችለው ሰው ትራፊ የሚደፋ ቤት ያለው ሰው ነው። ለቡኒት የሚተርፋትን ከተራበ ሰው አፍ አንነጥቅም፤ ከገንዳ ነው የምናስቀረው። ደግሞም የሚናከስና ያልተከተበ ውሻ የሚያጠቃው ማንን ነው? መኪና ያለውን ሳይሆን በእግሩ የሚሄደውን፣ ማታ ከሥራ የምትመለሰውን የቤት ሠራተኛ፣ ጎዳና የሚያድረውን ልጅ። የውሻ ጉዳይ የድሃ ጉዳይ ነው። ለውሻ ሲባል ለራሱ መቶ ብር ሰጥቶ የማያውቅ ሰው ደግሞ ድንገት የረሃብተኛ ጠበቃ ሲሆን ዝም ብለን እናየዋለን።

እኛ «ለማንም ስጧት» አላልንም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ መጀመሪያ ከጎረቤት ተስማሙ፤ ሰገነት ላይ አስሮ ማሳደር ማሳደግ አይደለም። ሽንኩርት የበዛበት የወጥ ትራፊ ለውሻ መርዝ መሆኑን፣ የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ተሰብሮ አንጀት እንደሚበሳ እወቁ። ካልሆነላችሁ ደግሞ መንገድ ላይ አትጣሏት፤ ወደ መጠለያው መልሷት። የተቀበላት መጠለያ ዛሬም አለ።

ጥያቄ ከሆነ እንግዲህ እኛም ሦስት አለን። በሰንሰለት ታስሯታላችሁ? በየዓመቱ ታስከትቧታላችሁ? ሁዳዴ ሲገባና አጥንት ከቤት ሲጠፋ ምን ትበላለች? ሦስቱን የሚመልስ ሰው ካለ ቡኒትን ነገውኑ ይውሰዳት።