ካርድ ባልወስድም ውኃ እጠጣለሁ

ባለፈው እሑድ በምኖርበት የጋራ መኖሪያ ግቢ ውስጥ ስብሰባ ነበረን። የተሰበሰብነው ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ለውኃ። ቀድሞ በፈረቃ ይመጣ ነበር፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ተነሥተን እንቀዳ ነበር። አሁን ግን ፈረቃውም ቀርቶ ሦስት ሳምንት አልፎናል።

ምድር ቤቱን ተከራይተው እንጀራ እየጋገሩ የሚያስረክቡ ጎረቤት አሉን። እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። ውኃ በጄሪካን እየገዙ ሊጥ ማቡካት እንዳቃታቸው፣ ሁለት ደንበኞች እንደሸሿቸው፣ የቤት ኪራዩ ቀን እየደረሰ እንደሆነ ተናገሩ። እየተናገሩ ሆድ ባሳቸውና ድምፃቸው ከፍ አለ፤ “ኧረ የሚሰማን መንግሥት የለም ወይ?” አሉ።

ከፊት ወንበር የተቀመጠ አንድ ጎልማሳ ዞር አለና፣ “እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባለፈው ምርጫ ካርድ ወስደዋል?” ብሎ ጠየቃቸው።

“አልወሰድኩም ልጄ።”

“እንግዲያው መንግሥትን መውቀስ አይችሉም። ያልመረጠ ሰው ምን አፍ አለው?”

ጥቂት ሰዎች ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ሴትዮዋ ለአፍታ ዝም አሉና፣ “እኔ ካርድ ባልወስድም ውኃ እጠጣለሁ” ብለው ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም፤ ይህ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ያኔ ልናገር የሚገባኝን ዛሬ እዚህ እጽፋለሁ።

የጎልማሳውን ቃል ብዙ ቦታ ሰምቼዋለሁ። ታክሲ ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሳይቀር። ለጆሮ ጨዋነትና ኃላፊነት ያለበት ይመስላል። ነገር ግን እሑድ ዕለት የሠራውን ሥራ ልብ በሉልኝ። ሴትዮዋ የጠየቁት ስለ ውኃ ነው፤ የተመለሰላቸው ግን ስለ ራሳቸው ነው። ፓምፑ ተበላሽቶ ይሁን፣ መስመሩ ተሰብሮ ይሁን፣ ተጠያቂው ማን ይሁን፣ ከዚያ በኋላ ያነሣ ሰው አልነበረም። ቢሮ ድረስ መሄድ የነበረበት ጥያቄ መንገድ ላይ ተመልሶ ጠያቂዋ ላይ ወደቀ። ኃላፊው ያን እሑድ ቤቱ በሰላም ምሳውን በላ።

ደንቡ ደግሞ እዚያ ላይ አይቆምም። ያልመረጠው ሲናገር “አልመረጥክምና ዝም በል” ይባላል። ገዢውን ፓርቲ መርጦ ቅር የተሰኘው ሲናገር “አንተው የመረጥካቸው ናቸው፤ ቻላቸው” ይባላል። ተቃዋሚ መርጦ የተሸነፈው ሲናገር “ሕዝቡ ወስኗል፤ ተቀበል” ይባላል። እስቲ ቁጠሩት፣ ከዚህ በኋላ እንዲናገር የተፈቀደለት ማን ነው? ቅሬታን በካርድ ማጥበብ የጀመረ ሰው መጨረሻው ሁሉንም ዝም ማሰኘት ነው። “ዝም አይነቅዝም” የሚል ተረት ያለው ሕዝብ ነን፤ ዝምታን የሚያስተምረን ተጨማሪ ሰው አያስፈልገንም።

ይህ አገር ከድምፅ በፊት አቤቱታን ያውቃል። እንዲያው ለአነጋገር ያህል አይደለም፤ በሕግ የተጻፈ ነው። በ1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለኢትዮጵያ ሕዝብ አቤቱታውን ለመንግሥት የማቅረብ መብት ሰጥቶታል። የመምረጥ መብት ግን አልሰጠውም። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት እንዲመርጡለት ነበር የተደነገገው። ሕዝቡ ወጥቶ እንደራሴውን የመረጠው ከ26 ዓመት በኋላ ነው። በዚያ 26 ዓመት ውስጥ ማንም ኢትዮጵያዊ ለዚያ ምክር ቤት የሚመርጥበት ካርድ አልነበረውም፤ ግን “አቤት!” ይል ነበር። ወረቀቱን ጠቅልሎ የንጉሠ ነገሥቱ መኪና በሚያልፍበት መንገድ ዳር የሚጠብቀው ገበሬ ማንን መረጥህ ተብሎ አልተጠየቀም። ከዚያም ቀድሞ መንገደኛው “በሕግ አምላክ!” ሲባል ባለበት ቀጥ ብሎ የሚቆመው ያስቆመው ሰው ማዕረግ ስላለው አልነበረም። አባቶቻችን በዘውድ ሥር ሆነው ያልተነፈጉትን እኛ ዛሬ በሪፐብሊክ ዘመን ጎረቤታችንን እንነፍጋለን?

ዛሬ የምንተዳደርበት ሕገ መንግሥትም ሁለቱን ነገሮች ለይቶ ነው ያስቀመጣቸው። የመምረጥ መብት በአንቀጽ 38 ላይ ነው፤ የሚሰጠውም ዕድሜው 18 ዓመት ለሞላ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ነው። የመሰብሰብ፣ ሰላማዊ ሰልፍ የማድረግና አቤቱታ የማቅረብ መብት ግን በአንቀጽ 30 ላይ ነው፤ እዚያ የተጻፈው “ማንኛውም ሰው” የሚል ቃል ነው። አንቀጽ 54ም እንደራሴው የመላው ሕዝብ ተወካይ መሆኑን ይናገራል። የፓርላማ ወንበር የሚደለደለው በሕዝብ ብዛት ነው፤ ሲቆጠር ያልመረጠው አዋቂም፣ በአንቀልባ የታዘለው ሕፃንም ይቆጠራል። ለወንበሩ ሲሉ የቆጠሩትን ሰው ለአቤቱታው ጊዜ “አናውቅህም” ማለት ትልቅ ግፍ ነው።

ካርድ አልወሰዱም ስለተባሉት ሴትዮ ደግሞ ላጫውታችሁ። ከስብሰባው በኋላ ደረጃው ላይ አግኝቻቸው ምክንያታቸውን ጠየቅኋቸው። የነበሩበት ቤት አከራይ ኪራይ ሲጨምርባቸው ነው ወደ እኛ ግቢ የመጡት። መታወቂያቸው የቀድሞው ወረዳ ነው። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት መሸኛ ያስፈልጋል፤ ለመሸኛው ሦስት ቀን ተመላለሱ፤ አንድ ቀን ኃላፊው የለም፣ አንድ ቀን ሲስተም የለም፣ አንድ ቀን ፋይሉ አልተገኘም። ምጣድ ጥዶ የሚኖር ሰው ሦስት ቀን ሲመላለስ የሦስት ቀን ገቢ ነው የሚቀርበት። ይህ ሁሉ ሲሆን የመራጮች ምዝገባው ተዘጋ። ሕጉም በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር የኖረ ሰው እንዲመዘገብ ነው የሚያዝዘው፤ በየዓመቱ ቤት የሚቀይር ተከራይ ይህን ለማሟላት ዕድል ይፈልጋል። ሴትዮዋ ሳሙና ሲገዙ ግን 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ መሸኛ ሳይጠየቁ ይከፍላሉ።

እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ነው። ቤሩትና ሪያድ በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን በሚልኩት ብር ቤተሰብ ያኖራሉ፤ ድምፅ የሚሰጡበት ጣቢያ ግን ባሉበት አገር ተከፍቶላቸው አያውቅም። ፓስፖርታቸው ተነጥቆ ኤምባሲ በር ላይ ሲያለቅሱ መጀመሪያ የምርጫ ካርድ አሳዩ ልንላቸው ነው? በ2013ቱ ምርጫ ከ37 ሚሊዮን በላይ ሰው ተመዝግቧል። በትግራይ ግን ጦርነት ነበርና ምርጫው አልተካሄደም፤ 38ቱ ወንበሮች ባዶ ቀሩ። ያኔ ልጇ መድኃኒት ያጣባት የትግራይ እናት ጩኸት ከማናችንም ጩኸት ያነሰ አልነበረም።

በፈቃዱ የቀረውስ ትሉኝ ይሆናል። ካርድ ማውጣት እየቻለ፣ ጣቢያው ቤቱ ደጃፍ ላይ እያለ ያልሄደውስ? እዚህ ላይ የራሴን ልናገር።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. እሑድ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ነው የወጣሁት፤ ስደርስ ግን ሰልፉ ከእኔ ቀድሞ ረዝሟል። ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። የማላውቃት ሴት ከፔርሙስ ቡና ቀድታ ለተሰላፊው ታድል ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንደዚያ ቀን ባለ አገር መሆኔ ተሰምቶኝ አያውቅም። ወር ሳይሞላ ግን የሰጠነው ድምፅ የት እንደደረሰ የጠየቁ ወጣቶች መንገድ ላይ ወደቁ። ፓርላማው ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 በተፈጠረው ሁከት 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ደርሶበታል። ከእነርሱ ውስጥ እንደኔ ጎሕ ሳይቀድ የተሰለፈ የለም ብዬ ማሰብ አልችልም። ካርድ የቅሬታ ዋስትና ቢሆን ኖሮ ለእነዚያ ልጆች በሆነ ነበር።

በ2002 ዓ.ም. አልመረጥኩም። ስንፍና አልነበረም፤ ከልቤ አልቻልኩም። የዚያ ዓመት ውጤት ኢሕአዴግና አጋሮቹ 545፣ ተቃዋሚው መድረክ 1፣ የግል ተወዳዳሪ 1 ሆነ። በ2007 ደግሞ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ። በወረቀት ሲታይ ቅሬታ ያለው ሰው በአገሪቱ አልነበረም ማለት ነው። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 2008፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው ጊንጪ ተማሪዎች ወጡ። ተቃውሞው በኦሮሚያ ከተማ ከከተማ ተዛመተ፤ ተቃውሞ የተነሣበት የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን በጥር ቀረ። ደብተር ይዘው ከወጡት መካከል ለመምረጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ብዙ ልጆች ነበሩ። ካርድ የመያዝ ዕድሜ ያልደረሱ ልጆች 547 ወንበር ያልተናገረውን ተናገሩ፤ ብዙዎቹም በሕይወታቸው ከፈሉበት።

የሕንድ መራጭ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በምርጫ ማሽኑ ላይ “ከተዘረዘሩት አንዳቸውንም አልመርጥም” የሚል ቁልፍ አለው። ያንን ተጭኖ ቅሬታውን ያስቆጥራል። የእኛ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ስለዚህ አንዳቸውንም ያላመነ ሰው አንድም የማያምነውን ይመርጣል፣ አንድም ቤቱ ይቀራል። ቤቱ የቀረውን ሁሉ ደንታ ቢስ ማለት ያልጠየቅነውን መልስ እንደሰማን መቁጠር ነው። በቋንቋችን የአፍም የምርጫም ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፅ። ድምፁን ለማንም ያልሰጠ ሰው ድምፁ እጁ ላይ ነው ያለው።

መቅረት ዋጋ የለውም አልልም። እድራችን ይህን ጉዳይ ከፖለቲከኞቻችን በተሻለ አስተካክሎ ይዞታል። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊ በሚመረጡበት ቀን የቀረ ሰው ይቀጣል፤ ቅጣቱም በመዝገብ ይሰፍራል። በሚቀጥለው ስብሰባ ግን ያው ሰው ተነሥቶ “ድንኳኑ ተቀዷል፣ ገንዘቡ የት ገባ?” ሲል “ባለፈው ቀርተሃልና አትናገር” የሚለው የለም፤ ገንዘቡ የእሱም ነዋ። ሰው ሲሞትበትም ድንኳኑ ይተከልለታል። አውስትራሊያም እንደዚያው ነው። ከ1924 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ መምረጥ በሕግ ግዴታ ነው፤ በቂ ምክንያት ሳይኖረው የቀረ 20 የአገሩን ዶላር ይቀጣል። ቅጣቱን ከፈለ ማለት ግን አፉን ሸጠ ማለት አይደለም።

የማልቀበለው ያልመረጠ ሰው አንድ ዓይነት ነው፤ “ሁሉም ያው ናቸው” ብሎ ቤቱ ተቀምጦ በፀሐይ የተሰለፉትን ሞኞች የሚል። እሱንም ግን ዝም በል አልለውም። የተሰለፉትን ሰዎች አክብር ነው የምለው፤ ከፔርሙሱ ቡና ትቀዳ የነበረችውን ሴት ፊት እስካሁን አልረሳሁምና። እኔ ራሴ በሚቀጥለው ምርጫ እሰለፋለሁ። ለጎረቤቴም መሸኛቸው እንዲደርስላቸው አብሬያቸው ሄጄ ወረፋ ልይዝላቸው ቃል ገብቻለሁ። “ለምን አልመረጡም?” የሚለው ጥያቄ መልካም የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው፤ መታወቂያ የከለከላቸውን ለማወቅ ሲጠየቅ።

ማክሰኞ ማታ ማመልከቻ ጻፍን። “ጉዳዩ፦ የውኃ አቅርቦት መቋረጥን ይመለከታል” ብዬ ጀመርኩ። ሴትዮዋ ከትከሻዬ ላይ ሆነው እያነበቡ ነበር። “በታላቅ ትሕትና እንለምናለን” የሚለው ላይ ስደርስ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አደረጉና፣ “እንለምናለን የሚለውን አውጣው ልጄ፤ የምንከፍልበት ነው፤ እንጠይቃለን በል” አሉኝ። አወጣሁት። ከሥሩ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ የሚሉ አራት ዓምዶች አሰመርኩ። አንደኛዋ ፈራሚ እሳቸው ናቸው። ጎልማሳው ረቡዕ ጠዋት በራፌን አንኳኩቶ ፈረመ፤ ስለ እሑዱ አላነሣንም።

ሐሙስ 41 ፊርማ ይዘን ወደ ውኃ ቢሮው ገባን። የመዝገብ ክፍሏ ሠራተኛ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ማኅተም መትታ፣ የገቢ ቁጥር ጽፋ ሰጠችን። ቁጥሩን ሴትዮዋ መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል።