የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ ድልድይና ደረጃው

የዚህ እትም ዋና ጽሑፍ ስለ ድልድይ ፍተሻ ሶፍትዌር ነው፤ መነሻው ጣሊያን። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 14 ቀን 2018 ጄኖዋ ውስጥ የሞራንዲ ድልድይ ተደርምሶ 43 ሰዎች ሞቱ። ድልድዩን ወጥረው የያዙት የብረት ገመዶች በኮንክሪት ተሸፍነው ስለነበር ዝገታቸው ለዓይን አይታይም ነበር። ከአደጋው በኋላ እ.ኤ.አ. በ2020 ጣሊያን ውስጥ የወጣው የድልድይ ፍተሻ መመሪያ ድልድዮችን በአምስት የትኩረት ደረጃዎች ይመድባል፤ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የመሬት መንሸራተትና የጎርፍ ስጋትም ይታከልበታል። ሶፍትዌሩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው፤ ባለሙያው ስንጥቁን ፎቶ ያነሳል፣ የጉዳቱን ክብደትና ስርጭት ይሞላል፣ ደረጃው ተሰልቶ ይወጣል። መልካም ነው፤ ባለሙያው ድልድዩ ሥር ከወረደ! ጸሐፊያችን ስለ ስሌቱ በሰፊው ጽፈዋል። እኔን የሳበኝ ግን ስለ መፈተሻ መዶሻው የጻፉት አጭር ክፍል ነው፤ ኮንክሪቱ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ውስጡ ተላቅቋል ማለት ነው።