ለሹም ተብሎ የሚተው በር

«ክፉ ያልሠራ ሰው ምን የሚሸሽገው አለ?» እያሉ፥ በስልክ ተቆልፎ የሚላከውን መልእክታችንን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ ለመንግሥት ይሰጠው የሚሉ አሉ። ወንጀለኛ መያዝ እንዳለበት አልክድም፤ ዳሩ ግን ዳኛን አስገብቶ ሌባን የሚመልስ በር የሠራ የለም። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ የስልክ ኩባንያዎች በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንግግር የሚጠለፍበትን መንገድ እንዲያዘጋጁ አስገደደች። በ2024 እ.ኤ.አ. ከቻይና መንግሥት ጋር የተያያዙ ሰርሳሪዎች ወደ ኩባንያዎቹ ዘልቀው፥ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ለመርማሪዎች የተዘጋጀውን ሳይቀር ቀዱ። ቁልፉን ለዓመታት ሲለምን የኖረው ኤፍ.ቢ.አይ. ራሱ (ጉድ እኮ ነው!) በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሕዝቡ መልእክቱን ቆልፎ እንዲልክ መከረ። ያስተማርኋቸው ልጆች የትዳርና የሕመም ጭንቀታቸውን ይጽፉልኛል። ወንጀል የለበትም፤ ነገር ግን ለእኔ የተጻፈ ነው፥ ለሌላ አሳልፌ አልሰጠውም።