ዶሮ በጓሮ፤ በአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ለሚኖር ቤተ ሰብ

ከደሴ ወደ ሰሜን ተጉዞ ሐይቅ ከተማ የደረሰ መንገደኛ ዓይኑ የሚያርፈው የእስጢፋኖስ ገዳም ባለበት በትልቁ ሐይቅ ላይ ነው። ከእርሱ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ባለው ስፍራ በተራሮች መካከል የተኛውን አርዲቦን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛ ግን የዚህን ወር አምድ ለአርዲቦ ዙሪያ ቤተ ሰቦች እንዲሆን አስበን ጽፈነዋል። ስለ ዶሮ ቤት ከሚጻፈው የሚበዛው ሙቀት ላለበት አገርና የተዘጋጀ መኖ በደጁ ለሚያገኝ ሰው ነውና፤ ሌሊቱ ለሚቀዘቅዝ፥ ሐይቅም ለሚጎራበተው ጓሮ የሚስማማው ምክር ከዚያ ጥቂት ይለያል።

በአገራችን ልማድ ዶሮ ቀን በጓሮ ስትጭር ትውልና ማታ ከሰው ጋር ቤት ትገባለች፤ ወይ ከቆጥ ላይ ትወጣለች ወይ ቅርጫት ይደፋባታል። ይህ ልማድ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ሸለምጥማጥን የፈራ ሰው ያወጣው ዘዴ ነው። ነገር ግን ኩሱና ቅማሉ ልጆች በሚተኙበት ቤት ይቀራሉ፤ ዶሮዋም በጢስ ታፍና ታድራለች። ስለዚህ ጓሮ ያለው ሰው ዶሮን ለብቻዋ ቢያሳድር ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

ጀማሪ ከዐሥር ዶሮና ከአንድ አውራ ባይበልጥ እንመርጣለን። ያገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ የተሻሻለው ዘር በደኅና አያያዝ ከ250 በላይ ይጥላል። ይህን የሰማ ሁሉ ወደ ፈረንጁ ዶሮ ይቸኩላል። ከኮምቦልቻው የዶሮ ብዜት ማዕከል፥ ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ወዲህም በ«የሌማት ትሩፋት» ሥራ አማካይነት ብዙ ጫጩቶች ለገበሬው ተሠራጭተዋል፤ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ያቺ ዶሮ እንቁላል መታቀፍ የማትወድ፥ የተመጣጠነ መኖም የምትሻ ስለ ሆነች፥ በመጀመሪያው ዓመት ባገር ዶሮ ተለማምዶ ቤቱንና ክትባቱን ማሳመር ይቀድማል ባዮች ነን። ለመግዛት የሚወጣ ሰውም የዶሮዋን ኩክኒ ከማየቱ አስቀድሞ መከተቧን ይጠይቅ።

ለዐሥር ዶሮ ርዝመቱ 2 ሜትር፥ ወርዱ 1 ሜትር ተኩል የሆነ ቤት ይበቃል። ከሐይቁ ዳር ርቆ፥ ውኃ በማይቆምበት ከፍ ያለ ቦታ ይሠራ። ረጅሙ ጎኑ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢመለከት የረፋድና የከሰዓት ፀሐይ በቀጥታ አያስጨንቀውም። ቋሚው ከባሕር ዛፍ፥ ግድግዳው በጭቃ ከተመረገ ማገር ይሁን፤ ከጣራው ሥር ግን አንድ ክንድ ያህል በሽቦ ወንፊት ተሸፍኖ ለአየር ይተው። ብርድን የፈራ ሰው ይህን ክፍተት በጆንያ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋዋል፤ ዶሮን ግን ከብርድ ይልቅ የሚጎዳት የታፈነ እርጥበትና የኩስ ሽታ ነው። ጣራው ከሣር ይልቅ ቆርቆሮ ቢሆን ይሻላል፤ ሣሩ ለቅማልና ለአይጥ መደበቂያ ይሆናልና። ቆጡ ውፍረቱ እንደ መጥረቢያ እጀታ ሆኖ ለእያንዳንዷ 20 ሳንቲ ሜትር ይድረሳት። መጣያውም 30 ሳንቲ ሜትር በ30 የሆነ ሣጥን ወይም ቅርጫት ነው፤ ጨለም ባለው ማዕዘን ሦስት ቢቀመጥ ይበቃል። ወለሉ ላይ ጭድ ወይም ሳጋቱራ አንድ ጋት ያህል ይነጠፍ፤ በረጠበ ጊዜ ይለወጥ።

ሸለምጥማጥ ቀጭን ቀዳዳ ይበቃዋል፤ ከውጭ በኩልም ይቆፍራል። ስለዚህ ሽቦው 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ መሬት ይቀበር፤ በሩም ሳይመሽ ይዘጋ። ይህን ሥራ ለአንድ ልጅ ብቻ መስጠት ይገባል፤ ለሁሉ የተሰጠ እንደ ሆነ እያንዳንዱ ሌላው የዘጋው ይመስለዋልና።

ከቤቱ ፊት ለዐሥሩ 20 ካሬ ሜትር ያህል ግቢ ይታጠር። ከተቻለ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ሲያርፍ ጎመን ይዘራበት፤ አንዱን መሬት ዘወትር የረገጡት ዶሮዎች ትል ይበዛባቸዋል፥ ጫጩቶችም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይይዛቸዋል። በአንድ ማዕዘን አመድና ደረቅ አፈር ተደባልቆ ይከመርላቸው፤ በዚያ እየተንከባለሉ ቅማላቸውን ያራግፋሉ። ከሁሉ ይልቅ ግን ዶሮዎቹ ወደ ሐይቁ ዳር ወርደው አይዋሉ። የዱር ዳክዬና ሌሎችም የውኃ ወፎች የዶሮን በሽታ ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፤ እነርሱ የሚጠጡትንና የሚኮሱበትን ውኃ የኛ ዶሮ ባትጠጣው ይሻላል።

አንዲት ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ዐሥሩ እንግዲህ ከአንድ ኪሎ በላይ ይፈልጋሉ። በቆሎ ወይም ማሽላ፥ የስንዴ ፉርሽካ፥ የኑግ ፋጉሎ ተደባልቆ ይሰጣል። ሐይቅ አጠገብ የሚኖር ሰው ሌላም ዕድል አለው፤ ከዓሣ አጥማጅ የሚጣለው ራስና አንጀት ተቀቅሎ፥ በፀሐይ ደርቆና ተወቅጦ ለመኖው ጉልበት ይሆናል። ከዐሥር እጅ አንድ እጅ ካለፈ ግን እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ለቅርፊቱ ጥንካሬ የእንቁላል ቅርፊት ተቆልቶና ተፈጭቶ ይጨመር፤ ውኃም በየቀኑ ይለወጥ።

አሁን ስለ ጾም እንነጋገር። ዶሮ ዓቢይ ጾምን አታውቅም፤ ባለቤቷ 55 ቀን ከእንቁላል ሲርቅ እርሷ ትጥላለች። ብዙ ቤተ ሰብ ይህን እንደ ኪሳራ ይቈጥረዋል፤ ነገር ግን ዘዴ አለው። በጾሙ መጀመሪያ የሚገኘው ከ10 ቀን በላይ ሳይቆይ 10 ወይም 12 ያህሉ ለምትታቀፍ ዶሮ ይሰጥ፤ በ21 ቀን ይፈለፈላል። ትርፉ ለገበያ ይውጣ፤ በዚህ አገር በጾማችን ወራት እንቁላል የሚገዙ እስላም ጎረቤቶች አሉን፤ በሥጋ ብንለያይ በእንቁላል አንለያይም። ለፋሲካ የሚጠራቀመው የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት እንቁላል ነው፤ ሳይታጠብ፥ ቀዝቃዛ ስፍራ፥ ሹሉ ወደ ታች ሆኖ ይቀመጥ። አውራው ከሴቶቹ ከተለየ ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ የሚጣለው እንቁላል ዘር የሌለው ስለ ሆነ ሙቀት ቶሎ አያበላሸውም። የተጠራጠሩትን ውኃ ውስጥ ቢያስገቡት፥ የተንሳፈፈው የተበላሸ ነው።

ከዚህ የሚበልጠው ግን የመስከረምና የጥቅምት ፍልፈላ ነው። ክረምቱ አልፏል፥ እህሉም እየደረሰ ነው። በጥቅምት የተፈለፈለ አውራ ለፋሲካ ለገበያ ይደርሳል፤ ቄቧም በዚያው ወራት ገደማ መጣል ትጀምራለች። የእንቁላልና የዶሮ ገንዘብ በብዙ ቤት የሴቲቱ ገንዘብ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን፤ ለጨው፥ ለሳሙና፥ ለልጆች ደብተር የሚበቃው ከዚያ ነው።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳምንት የሚያጠፋው ፈንግል ነው። ዶሮዋ ታንቀላፋለች፥ አረንጓዴ ተቅማጥ ይዟት ታቃስታለች፥ አንገቷ ይጠመዘዛል፤ ጓሮው በሙሉ ባዶ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በክረምቱ መግቢያ ነው። መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። በአገራችን በቢሾፍቱ ይዘጋጃል፤ በዓይን በመንጠብ ወይም በመጠጥ ውኃ ይሰጣል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል። ችግሩ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የተዘጋጀ ስለ ሆነ፥ ከተከፈተም በኋላ ስለማይቆይ፥ ዐሥር ዶሮ ያላት አንዲት እናት ብቻዋን ልታስከፍተው አለመቻሏ ነው። ስለዚህ ከግንቦት በፊት ጎረቤቶች ዶሮዎቻቸውን ቈጥረው፥ ቀን ቈርጠው፥ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በአንድነት ይጥሩ፤ ዕድሩ ወይም የጽዋ ማኅበሩ ለዚህ ጉዳይ ሁለት ደቂቃ ቢሰጠው ነገሩ ያልቃል።

በሽታው ከገባ በኋላ ግን የቀሩትን አሥሮ ወደ ገበያ መሮጥ በጎረቤት ቤት እሳት እንደ መጣል ነው። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አሉ፤ በሽታው ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ከሚዛመትባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው። የሞተችው በጥልቅ ጉድጓድ ትቀበር፤ ቤቱ ተጠርጎ፥ በኖራ ተቀብቶ፥ አንድ ወር ያህል ባዶውን ይቆይ። አዲስ የምትገዛውም ዶሮ፥ ጤነኛ ብትመስል እንኳ፥ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ ታስራ ሳትታይ ከሌሎቹ ጋር አትቀላቀል።