ማፍላት የማያጠፋው መርዝ

ባለፈው ሳምንት «ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ» ብለን ጽፈን ነበር። በንባብ ሰዓት አንዲት እናት እጃቸውን አወጡና፣ «ልጆቼ፣ የኛ ጉድጓድ አፍ ላይ አሮጌ የመብራት ምሰሶ ተጋድሟል። ፀሐይ ሲመታው ጥቁር ቅባት ያወጣል። ይሄንንም ማፍላት ያጠፋዋል እንዴ?» ብለው ጠየቁን። ጥያቄው ትልቅ ነው። መልሱ አያጠፋውም ነው።

ለምን? ባሕር ዛፍ እንዲሁ ቢተከል ምስጥ ይበላዋል፤ ይበሰብሳል። ስለዚህ ምሰሶ የሚሆነው እንጨት በመድኃኒት ይነከራል። አንዱ መድኃኒት ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ክሪዮሶት የሚባል ጥቁር ቅባት ነው። ሌላው ክሮሚየም፣ መዳብና አርሴኒክ የተቀላቀሉበት ነው። ምስጥ የሚገድለው ነገር ሰውንም ይጎዳል።

መድኃኒቱ ከእንጨቱ ይንጠባጠባል። አፈር ይጠጣዋል። ክረምት ሲገባ ዝናብ ወደ ምድር ውስጥ ውሃ ያወርደዋል። ጉድጓዳችን የሚሞላው ከዚያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በፔንሳኮላ ከተማ እንጨት የሚነክር ፋብሪካ ከ1942 እስከ 1982 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ተዘጋ። አፈሩና የምድር ውስጥ ውሃው ግን ተበክሎ ቀረ። ከዓመታት በኋላ ከ350 በላይ ቤተሰቦች ከሠፈሩ እንዲነሡ ተደረገ።

ነገሩ ከኛም ሩቅ አይደለም። ክሮሚየም ቆዳ ለማልፋትም ይሠራል። ተመራማሪዎች በኮምቦልቻ፣ የፋብሪካ ፍሳሽ በሚገባባቸው የቦርከና ገባር ወንዞች ውስጥ ክሮሚየም አግኝተዋል።

ማፍላት ተሐዋስያንን ይገድላል። አርሴኒክ ግን ሕይወት የለውም፤ እሳት ምኑን ይገድለዋል? ውሃው ይተናል፣ እሱ ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ቀለም፣ ሽታ፣ ጣዕም የለውም። 1 ግራም አርሴኒክ 5,000 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው ገደብ ያደርሳል።

አንድ ምሰሶ ፋብሪካን አያህልም። ቢሆንም ቦታው ጉድጓድ አፍ አይደለም። እንግዲህ ምን እናድርግ?

ምሰሶውን ከጉድጓዱ እናርቅ።
ፈልጠን አንማግደው፤ ጭሱና አመዱም ይጎዳል።
የኬሚካል በርሜል ለውሃ አናውል።
ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እንንገር፤ ወረዳው ውሃውን እንዲያስመረምር እንጠይቅ።
እስኪመረመር ከሌላ ጉድጓድ እንቅዳ።

እኚያ እናት ሲወጡ፣ «ጎረቤት ጠርቼ ዛሬውኑ አስነሣዋለሁ» አሉን። እኛም ለሸክሙ አብረን ሄድን።

ጥያቄ፦ ማፍላት ምን ያጠፋል? ምን አያጠፋም? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ፤ ቤት ላሉትም አንብቡላቸው።