የላቦራቶሪ ኩባንያዎች ዕድገትና የፎገራ ተሞክሮ

በዓለም የሕክምና ላቦራቶሪ ኢንዱስትሪ አንዱ ኩባንያ ሌላውን መግዛቱ ዋነኛ የዕድገት ስልት ሆኗል። የአሜሪካው ኩዌስት ዲያግኖስቲክስ እ.ኤ.አ. በ1999 የስሚዝክላይን ቢቻምን የክሊኒካል ላቦራቶሪ ድርጅት፣ በ2024 ደግሞ የካናዳውን ላይፍላብስ ገዝቷል። የስሌቱ መሠረት የናሙና ብዛት ነው። ውድ የሆነ የመመርመሪያ መሣሪያ በርካታ ናሙና ሲያስተናግድ የእያንዳንዱ ምርመራ ወጪ ይቀንሳል።

በዚህ ስሌት የሚመራ ገበያ ግን የሚያደላው ናሙና ወደሚበዛበት ከተማ ነው። ገጠሩ ሲዘነጋ የሚደርሰውን ጉዳት የፎገራ ሜዳ ተሞክሮ ያሳያል። በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የተከሰተው የካላዛር ወረርሽኝ መድኃኒት የተላመደ ወባ ተደርጎ ሲገመት ቆይቶ ምንነቱ የታወቀው በ1997 ዓ.ም በተደረገ ምርመራ ነው። እስከዚያው ድረስ የበርካታ ወገኖች ሕይወት አልፏል። ሩዝ በሚመረትበትና ወባ በሚበዛበት በዚህ ረግረጋማ ሜዳ የአንዱን በሽታ ትኩሳት ከሌላው በምልክት ብቻ መለየት አዳጋች ነው።

በመሆኑም መሠረታዊው ምርመራ በወረታና በአካባቢዋ ጤና ተቋማት ሊሟላ፣ ውስብስቡ ደግሞ ወደ ሪፈራል ላቦራቶሪዎች ሊላክ ይገባል። በአማራ ክልል ናሙናን በፖስታ አገልግሎት የማጓጓዝ አሠራር በሥራ ላይ መዋሉ ናሙናን በአንድ ማዕከል ማሰባሰብ ለሕዝብ አገልግሎትም እንደሚበጅ አመላክቷል። ስኬቱ የሚለካው ግን በተጓጓዘው ናሙና ቁጥር ሳይሆን ውጤቱ ሕመምተኛው ሳይጎዳ ለሐኪሙ በመድረሱ ነው።