«ካራ» ብላችሁ 02 ላይ ለምታወርዱን ርዕስ ጻፊዎች

መገናኛ ላይ ወያላው ምን እንደሚል ታውቃላችሁ። «ካራ! ኮተቤ ካራ!» አለቀ። «የማታምኑት ሰፈር! ስትደርሱ ትደነግጣላችሁ!» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ቢል ማንም አይሳፈርለትም። ካራ ብሎ ጭኖ ኮተቤ 02 ላይ «መጨረሻ ነው፣ ውረዱ» ካለ ደግሞ ታክሲው ውስጥ የሚነሳውን ጠብ እናውቀዋለን። ማቆራረጥ ይባላል፤ ያስቀጣል።

ኢንተርኔት ላይ የሚያቆራርጠንን ግን ማንም አይቀጣውም። «አነጋጋሪው»፣ «ጉድ ፈላ»፣ «ሰበር»... ገብተን ስናየው የሁለት ዓመት ወሬ ነው። በሕይወት ያለ አርቲስት ፎቶ ላይ ሻማ ለጥፎ «አሳዛኝ ዜና» የሚለውማ ሌላ ስም የለውም፣ ውሸት ነው።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ከሰፈራችን በላይ፣ ከእንጦጦ ጋራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ስለሚወርዱ ሴቶች ጽፌ ነበር። የሰጠሁት ርዕስ «ከእንጦጦ ጭራሮ የምታወርድ ሴት ቀኗን እንዴት ትውላለች?» የሚል ነው። ሞቅ ያለ አይደለም፣ አውቃለሁ። ወጥቶ ሳየው «የእንጦጦዋ እናት ያልተሰማ ምስጢር!» ሆኗል። ዝም አልኩ። አንባቢው ሲበዛ ደስም ብሎኛል፣ ምን እዋሻለሁ። በሳምንቱ ያነጋገርኳቸው እናት ደወሉ። ጎረቤት አንብቦላቸዋል፤ ርዕሱን ብቻ። «ልጄ፣ እኔ ምን ምስጢር አለኝ? ሰፈሩ ሁሉ እኮ ይጠይቀኛል» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

«ሁሉን ነገር ርዕሱ ላይ ከነገርከው ማን ይገባል?» ትሉኛላችሁ። ሐዲስ ዓለማየሁ እኮ በ1958 ዓ.ም. መጨረሻውን ሽፋኑ ላይ ጽፈውታል! «ፍቅር እስከ መቃብር» ያለ ደራሲ ምን ደበቀ? መቃብር እንዳለበት እያወቅን ነው ያነበብነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም እያወቀ ነው ሰው ጆሮውን የሰጠው።

ደግሞ የገዛ ቋንቋችሁን ረስታችሁታል። «ስሜት የሚቀሰቅስ ቅጽል ጨምሩበት» የሚለው ምክር ለእንግሊዝኛ የተሰፋ ነው፤ እዚያ ግሱ ቶሎ ይመጣል። የአማርኛ ግስ ግን ጭራ ላይ ነው። ርዕሱ ረዝሞ ስልክ ላይ ሲቆረጥ «አስገራሚውና አነጋጋሪው» ይቀርና ሰውየው ታሰረ ይሁን ተፈታ የሚለው ቃል ይጠፋል። ከሁሉ በላይ የምንፈልጋትን ቃል ቆርጣችሁ ትርፏን ታሳዩናላችሁ ማለት ነው። ቅጽሉን አውጡት፣ ግሱ ቦታ ያገኛል።

አርታኢውን ርዕሱን መልስልኝ ብዬው ነበር። «ስንት ሰው እንደገባበት አይተሃል?» አለኝ። እስከዛሬ እንደዚያው ነው። እኔ አሁን ጽሑፍ ስሰጥ አናቱ ላይ «ርዕሱ ሳልጠየቅ አይቀየርም» ብዬ እጽፋለሁ። ሁለት ቦታ አልተቀበሉኝም።